ጋሼ ሰይፉ እና የሰሜን በኩሉ ግድግዳ

"ወድቋል አልኩሽ! ሆዱን ገፍቶ፣ ገፍቶ፣ ገፍቶ ወድቋል! የጣልኩትም እኔ ነኝ!"

"አልወደቀም!"

"ሮማን፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ! ሊወድቅ ሲል ነው ትቼው የመጣሁት!"

"ሊወድቅ ሲል እና ወደቀ አንድ ነው እንዴ? አልወደቀም ብያለሁ!"

ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ እየደበደቡ "ወድቋል!" ብለው ሲጮሁ ሐበሻ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ሽሮ የሚበላውም፣ ጥብስ የሚጠብቀውም እጁን ጠራርጎ ስልኩን አወጣ። ታክሲ ነጂው ወንድይራድማ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ብድግ አለ።

"መቼ? ዛሬ? ማን ያዘው?"

"ቁጭ በል አቦ!" አለችው ሮማን። "የወደቀ መንግሥት የለም። ስለ ግድግዳ ነው የምናወራው።"

"የምን ግድግዳ?"

"እንግሊዝ አገር ያለ።"

ወንድይራድ ቁጭ አለ፣ ሰው የሞተበት መስሎ። ሌላውም ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ወዲያው ግን የሬስቶራንቱ ባለቤት ሮማን እና የመስኮቱ ጠረጴዛ ቋሚ ተሰላፊ ጋሼ ሰይፈሥላሴ "እንወራረድ!" "እንወራረዳ!" ተባባሉና ዳኛ ስለጠፋ ወንድይራድ ዳኛ ሆነ። ቃሉን ናፕኪን ላይ ጻፈው። ግድግዳው ወድቆ ከተገኘ ሮማን ሬስቶራንቷ ፊት ላይ ያስለጠፈችውን ድንጋይ በሙሉ ታስነቅላለች። ቆሞ ከተገኘ ጋሼ ሰይፈሥላሴ፣ እግዚአብሔር እስከሚወስዳቸው ድረስ፣ እዚህ ቤት ውስጥ "እንግሊዝ" የምትለዋን ቃል አይተነፍሱም።

ጃንዋሪ ነበር፣ የሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ደጅ ዝናብ ይዘንባል፤ ሎስ አንጀለስ ለአምስት ዓመት ያጠራቀመችውን ባንድ ወር የምትከፍል ይመስል ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰውዬ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ብትክዱኝም፣ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ።

ሐበሻ ከሦስት በላይ በሰፈረበት ቦታ ሁሉ፣ አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ሌላ አገር የኖረ አንድ ሰው አይጠፋም። ይሄ ሰው አሜሪካን አይቷት አያውቅም። እሱ የሚያየው ያንን አገር ነው፤ አሜሪካ መሐል ገብታ ትጋርደዋለች እንጂ። በሮም በኩል የመጣው ማኪያቶ በቀመሰ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ይተክዛል። በካርቱም በኩል የመጣው፣ እናንተ በሙቀት ልትሞቱ ስትደርሱ፣ "ይሄንንም ሙቀት ትሉታላችሁ?" ብሎ ሹራቡን ይቆልፋል። በስዊድን በኩል የመጣው ጥርሱን ባመመው ቁጥር "እዚያ ቢሆን በነጻ ነበር" ይላል፣ ጉንጩን ይዞ።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን የካርቶን ግድግዳ ጠላት፣ የኖራ ጠበቃ፣ ሥዩመ ድንጋይ ዘእንግሊዝ፣ ክቡር ጋሼ ሰይፈሥላሴ፣ ባጭሩ ጋሼ ሰይፉ፣ አሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው። ከፓርኪንግ ሥራ በጡረታ የወጡ። ሚስትም ልጅም የሌላቸው። እሳቸው ደግሞ ስለ እንግሊዝ አገርም አያወሩም። ለንደንን ያዩት ከባቡር መስኮት ነው፤ "ጭስ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም" ብለው ዘግተውታል። እሳቸው የሚያወሩት ስለ አንድ ቤት ነው። ዮርክሺር በሚባል፣ ከሰው በግ በሚበዛበት አገር፣ ተራራ ሥር ያለ፣ የድንጋይ የገበሬ ቤት። አራት ዓመት ኖሩበት። ሃያ ሰባት ዓመት አወሩት።

ሮማን ያንን ቤት ከራሷ አፓርትመንት በላይ ታውቀዋለች። ዓይኗን አስረው ቢለቋት ሳትደናቀፍ ወጥታ ትገባለች። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ("ቤት ማለት እንግዳውን እጅ የሚያስነሳ ነው፣ ሮማን።") በሩ አናት ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ 1684 ተብሎ ተፈልፍሏል። ("አድያም ሰገድ ኢያሱ ጎንደር በነገሡ በሁለት ዓመቱ። ልብ በይ!") የደጃፉ ደረጃ መሐሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፣ ከመረገጥ ብዛት። የግድግዳው ውፍረት አንድ ክንድ ተኩል። እሱም አንድ ግድግዳ አይደለም፣ ሁለት ነው። ውጭ አንድ፣ ውስጥ አንድ፣ መሐሉ በስብርባሪ ድንጋይ የተሞላ። ሁለቱን ደግሞ እዚህም እዚያም ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ያስተሳስራቸዋል። ("ባልና ሚስት በያቸው። ረጅሙ ድንጋይ ልጅ ነው። ልጅ የሌለው ግድግዳ ይለያያል።") ጣሪያውም ድንጋይ ነው፤ ከታች ትልልቁ፣ ወደ ላይ እያነሰ፣ እያነሰ፣ ጫፉ ላይ የመዳፍ ያህል። መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው፣ በድንጋይ ምሰሶ ለሦስት የተከፈሉ። ምድጃው ሰው ቆሞ የሚገባበት። ሰውና ከብት ባንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ መሐላቸው አንድ ግድግዳ ብቻ፤ በክረምት የላሟ ትንፋሽ ሰውዬውን ያሞቀዋል።

"የወተት ማስቀመጫው ክፍል ደግሞ በሰሜን በኩል ነው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው" ይላሉ ጋሼ ሰይፉ። ከዚያ ውሃ ይጠጣሉ። ከዚያ ወሬው ስለ በግ ይሆናል። ሁልጊዜ እዚያች ጋ ሲደርሱ ስለ በግ ይሆናል። ሮማን ይሄን ልብ ሳትል ዓመታት አለፉ።

በነገራችን ላይ ጋሼ ሰይፉ ግድግዳ አያልፉም። በመሐል ጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፣ ጆሮአቸውን ያስጠጋሉ፣ ከዚያ ፊታቸው ይጠቁራል። ሐኪም ናቸው፣ ግን ለታማሚው "አይዞህ" የማይሉ ዓይነት ሐኪም።

ቫን ናይስ ያሉት ጴንጤዎች መጋዘን ገዝተው ቸርች ሲያደርጉት ለምርቃቱ ጋበዟቸው። ፓስተሩ "አሁን ሁላችንም በጸጥታ በጌታ ፊት እንሁን" አሉ። አራት መቶ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ጸጥ። ከዚያ ከኋላ፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ፓስተሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "የሚያንኳኳ አለ፣ ሃሌ ሉያ!" አሉ። ሕዝቡ "አሜን!" አለ፣ ሁለት ሴቶች አለቀሱ። ጋሼ ሰይፉ ግን አጠገባቸው ወደቆመው ሰው ጎንበስ ብለው፣ "ባዶ ነው" አሉት። ሰውዬው የሱን ሕይወት ያሉ መስሎት ለስድስት ወር ጾመ።

ዘሪሁን የሚባል የኛ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር እንጨት የተጋደመበት የእንግሊዝ ስታይል ቤት ገዛ። ድግስ ደገሰ። ጋሼ ሰይፉ ከመኪና እንደወረዱ እንጨቱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

"ዘሪሁን፣ ይሄ እንጨት ምን ተሸክሟል?"

"እንዴት ማለትዎ ነው ጋሼ?"

"ጣሪያ አልተሸከመ፣ ወለል አልተሸከመ። ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት እንጨት ቤትህ ላይ ጭነህበታል።"

ዘሪሁን እስከ ዛሬ ከሥራ ሲመለስ ያንን እንጨት ቀና ብሎ ያየዋል፣ እንደማይረባ አማች።

ለቅሶ ላይ እንኳ አያርፉም። ሚድ ዊልሻየር ውስጥ ባሏ የሞተባትን አምሳለን ሊያጽናኑ ሄደው፣ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ከጎረቤት የሚያዋስነውን ግድግዳ ዳበስ አድርገው፣ "ድራይዎል ነው፣ ካርቶን" አሏት። "እንግሊዝ አገር ቢሆን ለቅሶሽን ጎረቤት አይሰማብሽም ነበር።" ሰው ሁሉ ደነገጠ። አምሳለ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች ይባላል። ከዚያም ለቅሶዋን ቀነስ አደረገች፣ ጎረቤት አፍራ።

ወንድይራድ አንድ ቀን አጥምዶ ይዟቸው ነበር። "ጋሼ፣ እዚህ አገር መሬት ይንቀጠቀጣል። የድንጋይ ቤት ቢሆን እኮ ይቀብረን ነበር።"

"ትቀበራለህ" አሉት። "ግን በክብር ድንጋይ ትቀበራለህ። ካርቶን ሥር ከመሞት ይሻላል።"

እና አባባል አላቸው፣ በቀን አሥር ጊዜ የሚሏት፣ ጣት ቀስረው፦ "ድንጋይ ይተነፍሳል!" የፌርፋክስ ልጆች ሲጋራ ሲያጨሱ እንኳ "ድንጋይ ይተነፍሳል" እየተባባሉ ነው።

ታዲያ ለኚህ ሰውዬ፣ በሰላም ለሚኖሩት፣ ሮማን ምን ብታደርግባቸው ጥሩ ነው? ሬስቶራንቷን የእንግሊዝ የገበሬ ቤት አስመሰለችባቸው።

ወዳ አይደለም። ገበያ ቀዝቅዟል። ከጎኗ ያለው ሬስቶራንት መብራቱን ቀየረ፣ ወንበሩን ቀየረ፣ ፈረንጁ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ያን ሰሞን ደግሞ ፈረንጅ "ፋርምሀውስ፣ ፋርምሀውስ" ካለ ሌላ አይልም። ጋርዴና መጋዘን ያለው ኮንትራክተሩ ይልቃል መጣና ካታሎግ ዘረጋላት። "እትዬ ሮማን፣ ኢንግሊሽ ፋርምሀውስ። ኦሪጅናል ይመስላል። በሦስት ቀን ተለጥፎ ያልቃል።" የድንጋዩ ውፍረት የዳቦ ቁራጭ ያህል ነው። በሲሚንቶ አጣብቀውት ሄዱ። ሮማን የቀራትን ሁሉ ነው ያወጣችው፤ ይሄ ካልሠራ መዝጋቷ ነው።

ጋሼ ሰይፉ በማግስቱ መጡ። ፌርፋክስ መሐል፣ አስፋልቱ ላይ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። መኪና ጡሩምባ ነፋባቸው። አልሰሙም። ከዚያ መጥተው አንኳኩ።

"ሮማን። ይሄ ድንጋይ አይደለም። የድንጋይ ፎቶ ነው።"

"ጋሼ ሰይፉ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ሰው ጠርቻለሁ።"

"የማዕዘኑ ድንጋይ የታለ? ማዕዘን ላይ ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ ካልተቆላለፈ ማን ይይዘዋል?"

"ሲሚንቶው!"

"ውሃ ሲገባ በየት ይወጣል?"

"አይገባማ!"

"ይገባል። የማይወጣበት ነው እንጂ የማይገባበት ግድግዳ እግዚአብሔርም አልፈጠረ። ድንጋይ ይተነፍሳል። ክረምት ይምጣ፣ እንተያያለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ለሚገባው ፈረንጅ ሁሉ "ኖት ስቶን፣ ኖት ስቶን" እያሉ ያስረዳሉ። ሮማን ምርር አላት። "አንድ ቀን ደጄን እንዳይረግጡ እላቸዋለሁ" ትላለች፣ ለምስር ወጡ። ሲመጡ ግን ሻዩን ሳይጠይቁ ታቀርባለች። ሰው እንዲህ ነው።

ዝናቡ ሲመጣ እውነትም ውሃ ገባ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሮማን ሬስቶራንቱን ስትከፍት፣ በመስኮቱ ጠረጴዛ አጠገብ፣ በውስጥ በኩል፣ ግድግዳው ላይ ካርታ የሚመስል ቡናማ እርጥበት ወጥቷል። ሽታውም የአሮጌ ጫማ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ የመጪውን ጠበቀች፤ ደስታቸውን፣ ጣታቸውን፣ "ብዬሽ ነበር"ን።

ጋሼ ሰይፉ ገቡ። ባርኔጣቸው ይንጠባጠባል። ካርታውን አዩት። አላንኳኩም። መዳፋቸውን ዘርግተው እርጥበቱ ላይ አሳረፉት፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። ረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሮማን ይሄኔ ፈራች።

"በሉ ይበሉት።"

"ምኑን?"

"ብዬሽ ነበር ይበሉኛ!"

"አልልም። እኔ ምን አፍ አለኝ።" ሻዩን ገፋ አደረጉት። "አንቺስ ባለማወቅ ነው። እኔ ግንበኛ ነበርኩ።"

እና ስለ ሰሜኑ ግድግዳ ያን ቀን ነገሯት።

"ጉለሌ ነበር የምሠራው። በኛ ጊዜ፣ በደርግ፣ ሲሚንቶ በፈቃድ ነው፣ በወረፋ። ለአንድ ኩንታል ሰው ደጅ ይጠና ነበር። በሲሚንቶ የሠራ ሀብታም፣ በጭቃና በኖራ የሠራ ደሃ። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያ ነው ያለው፤ ይዤው ሄድኩ። እንግሊዝ ስገባ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው እዚያ ቤት ያስጠጉኝ። የቤቱ ባለቤት ሚስስ አልደርሰን ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ከመቶ ሃያ በግ ጋር ብቻዋን። በገባሁ ቀን የባሏን ካፖርት አለበሰችኝ። ቋንቋ የለኝ፣ ሰው የለኝ። አንድ ቀን እንኳ 'መቼ ነው የምትሄደው' አላለችኝም።"

"እሺ።"

"ወገቧን ታማ ሆስፒታል ገባች፣ ሦስት ሳምንት። ምን ላድርግላት ብዬ ቤቱን ስዞር የሰሜን በኩሉ ግድግዳ መገጣጠሚያው በጥፍር ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። አቤት ደሃ ግድግዳ አልኩ። ኖራውን እየፈለፈልኩ አወጣሁት። ከታች እስከ ላይ። በተሰጠችኝ የኪስ ገንዘብ ሲሚንቶ ገዝቼ ሞላሁት። እንደ ሸሚዝ ተኮስኩት፣ ሮማን። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"በክራንች መጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። 'ቬሪ ኒት፣ ሰይፉ' አለች፣ በጣም ጥንቅቅ ያለ ነው ማለቷ ነው። ሌላ ምንም አላለች።"

የሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ በሲሚንቶው ስንጥቅ ገባ፣ መውጫ አጣ። የወተቱ ክፍል አረንጓዴ ሆነ። ከላዩ የሴትየዋ መኝታ ነበር፤ እርጥበቱ ወደዚያ ወጣ። ማሳል ጀመረች። ግንብ የሚያውቅ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ተጠራ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፣ አልተቆጣም። "ድንጋይ የሚተነፍሰው በመገጣጠሚያው ነው፣ ልጄ። አፍንጫውን ደፍነኸዋል" አለ።

"ታዲያ ሲሚንቶውን አያወጡትም ነበር?"

"ሞከርኩ። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይጠነክራል። ስፈነቅለው የድንጋዩን ፊት ይዞት ይመጣል። ፊቱን ገፈፍኩት። ሌላ ክረምት መጣ፣ ግድግዳው ሆዱን መግፋት ጀመረ። ያን ጊዜ ከእህቴ የአሜሪካ ወረቀት ደረሰልኝ። ሄድኩ። ሸሸሁ በይው።"

ሮማን የቀዘቀዘውን ሻይ አነሳችላቸው።

"በየገናው ካርድ ትልክልኝ ነበር። ስለ በጎቹ ትጽፋለች። ስለ በረዶው ትጽፋለች። ስለ ግድግዳው አንዲት ቃል የለም። ዘጠኝ ዓመት። ከዚያ ካርዱ ቀረ።"

"አርፈው ይሆናል።"

"አርፋለች እንጂ። በምን እንዳረፈች ነው የማላውቀው።"

ሰው መግባት ጀምሮ ነበር። ጥብስ ይታዘዛል፣ ጃንጥላ ይራገፋል። ሮማን አንድ የሚያጽናና ነገር ልትል አፏን ከፈተች። የምታውቀው ማጽናኛ ሁሉ ለሞተ ሰው ነው፤ ለግድግዳ የሚባል ነገር አልተማረችም። ስለዚህ የሚቀናትን አደረገች። ተከራከረች።

"አልወደቀም" አለች።

"ምን?"

"ሦስት መቶ ዓመት የቆመ ነገር በእርስዎ ሲሚንቶ ነው የሚወድቀው? ማነኝ ብለው ነው?"

እንግዲህ ጩኸቱ እንዲህ ተጀመረ። ውርርዱም እንዲህ መጣ። ሮማን ናፕኪኑ ላይ ልትፈርም ስትል ጋሼ ሰይፉ ቀድመዋት ፈርመው ነበር። እኚህ ሰውዬ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ክርክር ተሸንፈው አያውቁም። ይሄኛውን ብቻ፣ ከልባቸው፣ መሸነፍ ይፈልጋሉ።

ፌብሯሪ ላይ ጋሼ ሰይፉ በኪሳቸው ትንሽ መሮ ይዘው መጡ። "ሦስት ቀዳዳ ብቻ ፍቀጂልኝ፣ ከታች በኩል። ማንም አያየውም።" ተንበርክከው፣ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ከሲሚንቶው ሥር ሦስት የጣት ቀዳዳ ከፈቱ። ከመሐለኛው ውሃ ጠብ፣ ጠብ አለ፣ ጉንፋን እንደያዘው ልጅ። ማርች ሲያልቅ ካርታው ደረቀ። ይልቃል መጥቶ "ዋራንቲውን አበላሻችሁት" ብሎ ጮኸ። ጋሼ ሰይፉ መሯቸውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ።

ቀዳዳው ግን ውርርዱን አይፈታም። የሮማን የእህት ልጅ ራኬብ፣ እዚሁ የተወለደችው፣ የጓደኛዋ ሠርግ ላይ ልትገኝ በኤፕሪል መጨረሻ ለንደን ልትሄድ ነበር። ጋሼ ሰይፉ የመጨረሻውን የገና ካርድ ፖስታ አመጡላት፣ አድራሻው ጀርባው ላይ ያለ።

"ኦኬ ጋሼ ሰይፉ፣ አታስብ፣ እሄድልሃለሁ" አለች። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ምስኪን። "ባቡር አለው አይደል?"

"አለው። ከባቡሩ በኋላ አውቶቡስ። ከአውቶቡሱ በኋላ እግር።"

"ኦ ማይ ጋድ።"

ሮማን ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣች። ከተሸነፈች የሬስቶራንቷ ፊት ይነቀላል፣ ያወጣችው ሁሉ አፈር ይበላል። ካሸነፈች ደግሞ ቤቷ ጸጥ ይላል። ለዓመታት የተመኘችው ጸጥታ። የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዝም ያለ ሽማግሌ ሻይ ሲጠጣ በሐሳቧ አየችውና ከፋት። "ምን ነካኝ?" አለች፣ ለምስር ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ የራኬብ ፎቶ መጣ። እዚያ ሊመሽ ነው። ሮማን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፣ ጋሼ ሰይፉ መነጽራቸውን አወጡ፣ ወንድይራድ ከኋላ ተንጠራራ።

ቤቱ አለ። ጣሪያው አለ፣ ከታች ትልልቁ፣ ከላይ ትንንሹ። ጭስ ማውጫው አለ። የሰሜን በኩሉ ግን ሐረግ ነው። ከመሬት እስከ ጣሪያ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ድፍን ያለ አረንጓዴ ሐረግ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ። አንድም ድንጋይ አይታይም።

"በቃ፣ ቆሟል!" አለ ወንድይራድ። "ሐረጉ ምን ላይ ቆሞ ነው?"

"ዝም በል" አሉ ጋሼ ሰይፉ። "የወፍራም ሐረግ ግንድ እኮ እንደ ክንድ ነው። ግድግዳው ሐረጉን ይዞት ይሆናል። ሐረጉም ግድግዳውን ይዞት ይሆናል።" ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ሄደ። "ይሄን እብጠት አየሽ? ይሄ ቅጠል ነው ወይስ ሆድ ነው?"

"ቅጠል ነው!" አለች ሮማን።

ስልኩ ጮኸ። ራኬብ ነበረች፣ በቪዲዮ፣ ጫማዋ ጭቃ፣ ነፋሱ ፀጉሯን አፏ ውስጥ እየከተተባት። አጠገቧ ቦት ጫማ ያደረገ አንድ ጎልማሳ ፈረንጅ ቆሟል። "ጋሼ ሰይፉ! የቤቱ ባለቤት ነው። ሴትየዋ እዚሁ ነው የኖረችው ይላል፣ ዘጠና ምናምን ዓመቷ ድረስ። እሱ ሲገዛው ሐረጉ ነበር። ሥሩ ያለውን አይቶት አያውቅም። ሶ፣ ላንሳላችሁ ይላል፣ ጥጉን ብቻ። መጋዝ ይዟል። ላንሳው?"

ሮማን ወደ ጋሼ ሰይፉ ዞረች። ዘጠና ምናምን የሚለው ቃል ገና ፊታቸው ላይ ነበር፣ የት እንደሚያስቀምጡት እንዳጡት ዕቃ። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። ፈረንጁ መጋዙን አነሳ፣ ከሐረጉ ግንዶች አንዱ ላይ አስጠጋው።

"እጁን ያንሳ!" ጮኹ ጋሼ ሰይፉ። "ራኬብ፣ እንዳይነካው! ይዞት ከሆነስ? ተይ በይው! ስቶፕ በይው!"

ራኬብ ነገረችው። ፈረንጁ ትከሻውን ሰበቀ፣ መጋዙን አወረደ። "ኦኬ፣ ተወው። ሶ... ማን አሸነፈ?" አለች ራኬብ።

"በክረምት ቅጠሉ ሲረግፍ ይታያል" አለ ወንድይራድ፣ ናፕኪኑን ከኪሱ እያወጣ።

"ይሄ ሐረግ አይረግፍም" አሉ ጋሼ ሰይፉ። "በረዶ ውስጥም አረንጓዴ ነው።"

"እንግዲያው" አለች ሮማን፣ ሻዩን እየሞላች፣ "እኔ ሥሩ ቆሟል እላለሁ።"

"ምን ማስረጃ አለሽ?"

"እርስዎስ?"

ጋሼ ሰይፉ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ራኬብ እየሄደች ነው፤ ቤቱ ከኋላዋ እየራቀ፣ እያነሰ። እስከሚጠፋ ድረስ አዩት።

"አለኝ። ብዙ አለኝ። ዝርዝሩን አመጣልሻለሁ" አሉ።

"መቼ? ነገ?"

"ነገ እንኳ ዶክተር አለኝ። ሐሙስ። በጠዋት ነው የምመጣው፣ ሰው ሳይበዛ።"